ሴን ቬራን፤ በአልፕ ተራሮች ላይ ያለች አንዲት የፈረንሳይ መንደር

የጂኦግራፊ መጻሕፍት ስለ ፈረንሳይ አገር ሲናገሩ ብዙውን ጊዜ የሚያነሡት የፓሪስን ከተማ፥ የሴንን ወንዝ፥ የወይኑን ተክልና ሰፊውን የስንዴ ሜዳ ነው። እኛ በዚህ ጽሑፍ ልንናገርላት ያሰብናት ግን ወይን የማይበቅልባት፥ ስንዴም በጭንቅ የሚበስልባት፥ ዛሬ ሁለት መቶ ያህል ሰዎች ብቻ የሚኖሩባት ትንሽ መንደር ናት። ስሟ ሴን ቬራን ይባላል። የምትገኘውም በደቡብ ምሥራቅ ፈረንሳይ ኦት አልፕ በሚባለው አውራጃ፥ ኬራ በተባለው የተራራ አገር ውስጥ፥ ከኢጣልያ ጠረፍ አጠገብ ነው። ይህችን መንደር የመረጥንበት ምክንያት አንድ ነገር ስላስገረመን ነው። ይኸውም ኑሮ እጅግ በከበደበት ዘመን ሕዝቧ መሬቱን ሙጥኝ ብሎ ኖረ፤ መንገድ ወጥቶ ኑሮ ቀለለ በተባለበት ዘመን ግን ልጆቿ እየተዉአት ሄዱ። የዚህን ነገር ምክንያት ለማግኘት መሬቱንም፥ ታሪኩንም፥ የገበያውንም ነገር አንድ ላይ ማየት ያስፈልጋል። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ያስታውስልን።

መንደሯ ከባሕር ወለል በላይ 2,040 ሜትር ከፍ ብላ ትገኛለች። በዚህም ምክንያት ከፈረንሳይ መንደሮች ሁሉ ከፍተኛዋ ናት። የአገሩ ሰዎች «ከኤውሮፓም አንደኛ ነን» ይሉ ነበር፤ ነገር ግን በስዊስ አገር ዩፍ የምትባል መንደር 2,126 ሜትር ላይ ስላለች ይህ ክብር ያከራክራል። የእኛ አገር አንባቢ 2,040 ሜትር ሲባል «ይህ ምን ያስደንቃል? አዲስ አበባ እንኳ ከዚህ ከፍ ትል የለምን?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። እውነት ነው፤ ከፍ ትላለች። ልዩነቱ አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን በ9ኛው ዲግሪ ላይ ስትሆን ሴን ቬራን ወደ 45ኛው ዲግሪ መጠጋቷ ነው። እዚያ በክረምት ፀሐይ ዝቅ ብላ ታልፋለች፤ ቀኑ አጭር ነው፤ በኅዳር የወደቀው በረዶም ብዙ ጊዜ እስከ ሚያዝያ ድረስ ሳይቀልጥ ይቆያል። ስለዚህ እነርሱ ክረምት ሲሉ የዝናብ ወራት ማለታቸው አይደለም፤ እርሻ የማይነካበት፥ ከብት ወደ ውጭ የማይወጣበት፥ መንገድ የሚዘጋበት ግማሽ ዓመት ማለታቸው ነው።

ታዲያ በዚህ ቦታ ሰው እንዴት ሊሰፍር ቻለ? መልሱ ያለው በተራራው አቀማመጥ ላይ ነው። ኤግ ብላንሽ የሚባለው ትንሽ ወንዝ ሸለቆውን ለሁለት ይከፍለዋል። አንደኛው ወገን ወደ ሰሜን ስለሚመለከት ጥላና ደን ሆኖ ይውላል፤ ሌላው ወገን ግን ፊቱን ወደ ፀሐይ መግቢያና ወደ ደቡብ ሰጥቶ ስለተኛ ብርሃን አያጣም። መንደሯ የተሠራችው በዚህ በሁለተኛው ወገን ነው። የኬራ አየር ደረቅና ጥርት ያለ ነው፤ ከምዕራብ የሚመጣው ደመና ዝናቡን በፊተኞቹ ተራሮች ላይ አፍስሶ ስለሚደርስ እዚህ የሚተርፈው ጥቂት ነው። የኤግ ብላንሽ ውኃ ወደ ጊል፥ ጊል ወደ ዱራንስ፥ ዱራንስም ወደ ሮን ወንዝ ገብቶ ወደ ሜዲቴራኒያን ባሕር ይወርዳል። ጊል ከኬራ የሚወጣው በጠባብ ገደል መካከል ነው፤ መኪና የሚሄድበት መንገድ በገደሉ ላይ እስኪጠረብ ድረስ ኬራ በሩ የተዘጋ ቤት ነበር ማለት ይቻላል።

ድንጋዩም የራሱ ታሪክ አለው። ዛሬ ከደመና በላይ የቆመው ይህ ተራራ ከ150 ሚሊዮን ዓመት በፊት የባሕር ወለል እንደ ነበረ የምድር ሊቃውንት አረጋግጠዋል፤ አፍሪቃና ኤውሮፓ ተጋፍተው ባሕሩን በዘጉ ጊዜ ወለሉ ተጨምቆ ወደ ላይ ወጣ። ከዚህ ድንጋይ ውስጥ መዳብ ይገኛል። ከመንደሯ በላይ ክሎዚስ በሚባለው ቦታ የነሐስ ዘመን ሰዎች መዳብ ቈፍረው እንዳቀለጡ የጥንት ቅሪት መርማሪዎች ደርሰውበታል። በ20ኛው መቶ ዓመትም እንደ ገና ተቈፍሮ ነበር፤ ነገር ግን በዚያ ከፍታ ላይ ማዕድን ማውጣት ከትርፉ ወጪው ስለበለጠ ተዘጋ።

ስለ ስሟ የሚተረከውን በአጭሩ እንናገር። ቅዱስ ቬራን በ6ኛው መቶ ዓመት በፕሮቫንስ የካቫዮን ኤጲስ ቆጶስ ነበር። ሕዝቡን ያስቸግር የነበረውን ዘንዶ አቍስሎ ቢያባርረው ዘንዶው ደሙን እያንጠባጠበ ወደ አልፕ ሸሸ፤ መንደሯ ወዳለችበት ሥፍራም ደረሰ ይላሉ። እረኞች በየበጋው ከቆላው ከፕሮቫንስ ተነሥተው በጎቻቸውን ወደዚህ ተራራ ሲያወጡ የሚያርፉባቸው ቦታዎች የዘንዶው ደም የነጠበባቸው ናቸው ተብሎ ይነገራል። ተረት ነው፤ ሆኖም የእረኞቹን የጥንት መንገድ ጠብቆ ማቈየቱ አይቀርም።

አሁን ወደ ቤቶቹ እንግባ፤ የሴን ቬራን ሰው ብልሃት ከሁሉ ይልቅ የሚታየው በዚያ ነውና። የቤቱ የታችኛው ክፍል በድንጋይ ይገነባል። በዚህ ክፍል ሰውና ከብት አብረው ይከርማሉ፤ በአንድ ወገን አልጋውና ገበታው፥ በሌላው ወገን ላሞቹና በጎቹ ይሆናሉ። ይህንን ያየ የከተማ ሰው ድህነት ነው ብሎ ያዝን ይሆናል፤ ነገር ግን የማገዶ እንጨት በሚያጥርበት አገር የከብቱ ትንፋሽ የማያቋርጥ ምድጃ ነበር። ይህ ልማድ በጥቂት ቤቶች እስከ 1970ዎቹ ድረስ ቆይቷል። ከድንጋዩ በላይ ያለው ክፍል ደግሞ ከሙሉ የሜሌዝ ግንድ የተሠራ ነው። ሜሌዝ የጥድ ዘመድ ሲሆን ከዘመዶቹ የሚለየው በመጸው ቅጠሉ እንደ ወርቅ ቢጫ ሆኖ መርገፉ ነው። እንጨቱ ሙጫ ስላለበት አይበሰብስም፤ ፀሐይ ሲመታው እየጠቈረ ይሄዳል። ግንዶቹ በማዕዘን ላይ እየተጠላለፉ ይደረደራሉ፤ በውስጡም ለክረምት የሚሆነው ድርቆሽና እህል ይከማቻል። በፀሐይ ወገን ሰፋፊ ሰገነቶች አሉት። ሰገነቶቹ ለመናፈሻ አልነበሩም፤ እህሉ ሳይደርስ ውርጭ ስለሚቀድመው ገና ለጋ ሳለ ታጭዶ ነዶው በሰገነቱ ላይ ተሰቅሎ ይደርቅ ነበር።

እንጨትና ድርቆሽ በተከማቸበት መንደር ትልቁ ጠላት እሳት ነው። ስለዚህ መንደሯን በአንድነት አልሠሯትም። ፎራን፥ ላ ቪል፥ ቪላር፥ ሻትሌ፥ ፒዬር ቤል በሚባሉ ሠፈሮች ከፋፈሏት፤ በሠፈርና በሠፈር መካከል ቤት የማይሠራበት ባዶ መሬት ተዉ። አንዱ ሠፈር ቢቃጠል ሌላው ይተርፋል ማለት ነው። እያንዳንዱም ሠፈር የራሱ የእንጨት ገንዳ ያለው ምንጭ፥ የራሱ የዳቦ ምድጃና የራሱ መስቀል አለው። እኛ ይህንን ስናጤን አንድ ቁም ነገር አገኘንበት፤ ባዶውን መሬት ባዶ አድርጎ ለማቈየት የያንዳንዱ ሰው ስምምነት ያስፈልጋል። መሬት በጠበበበት ተዳፋት ላይ አንድ ሰው ከሠፈሩ ዳር ጎተራ ልጨምር ቢል ማን ይከለክለዋል? ከራሳቸው ከመንደርተኞቹ በቀር የሚከለክል አልነበረም።

የሚበላውም በዚሁ ዓይነት ነበር። ዋናው እህል ሴግል የሚባለው፥ ገብስንና ስንዴን የሚመስል፥ ጥቍር ዳቦ የሚወጣው ብርድ ቻይ እህል ነው። በዚያ ከፍታ ተዘርቶ እስኪታጨድ አንድ ዓመት ያህል ይፈጅ ነበር። ዳቦው በጋራ ምድጃ በደቦ ይጋገራል፤ እንጨት እንዳይባክን ምድጃው በጋለ ጊዜ ለብዙ ሳምንታት የሚሆን አንድ ጊዜ ይጋገርና በጎተራ ይቀመጣል። እየቈየ ድንጋይ ስለሚሆን በልዩ ቢላዋ ተቈርጦ በሾርባ እየራሰ ይበላል። ገብስ፥ ኋላም ድንች ይዘሩ ነበር። በተዳፋቱ ያሉትን እርሻዎችና ሜዳዎች ለማጠጣት ውኃውን ከሩቅ በቦይ እየሳቡ በተራ ይከፋፈሉት ነበር። ከላሞች ወተት ፍርማጅ፥ ከበጎች ሱፍ ይገኛል፤ በክረምት ሴቶቹ ሱፍ ይፈትላሉ፥ ዳንቴል ይሠራሉ፤ ወንዶቹ በቢላዋ ጫፍ ሣጥን፥ እንዝርት፥ የሕፃናት አልጋ፥ የእንጨት ቍልፍ ሳይቀር ይቀርጻሉ። የኬራ ሣጥኖች ዛሬ በቤተ መዘክሮች ይታያሉ። በመንደሯም ሱም የሚባለው በ1641 የተሠራ ቤት ቤተ መዘክር ሆኗል።

ይህ ሁሉ የመሬቱ ነገር ነው። አሁን ግን የታሪኩን ፍሬ ወደምናገኝበት እንለፍ። በ14ኛው መቶ ዓመት ይህ አገር ገና የፈረንሳይ ንጉሥ አልነበረም፤ ገዢው «ዶፌን» የሚባል መስፍን ነበር። የዘመኑ ዶፌን ኡምቤር 2ኛ ነው። ይህ መስፍን ድግስና ታላላቅ ሐሳብ ይወድ ስለ ነበረ ዕዳ በዛበት፤ አንድ ልጁም ገና በሕፃንነቱ ሞቶበት ነበር። የተራሮቹ ማኅበሮች ይህንን አይተው ወደ እርሱ መልእክተኞች ላኩ። በግንቦት 29 ቀን 1343 ታላቁ ውል ተፈረመ። ሕዝቡ 12,000 የወርቅ ፍሎሪን በአንድ ጊዜ፥ ከዚያም በኋላ በየዓመቱ 4,000 ዱካ ሊከፍል፤ መስፍኑም በምላሹ የባላባትነት መብቶቹን ሊተውላቸው ተስማሙ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የእነዚህ ተራሮች ገበሬ ጭሰኛ መሆኑ ቀርቶ ነጻ ሰው ተባለ። ያለ መስፍኑ ሹም ፈቃድ መሰብሰብ፥ መሪዎቹን በየዓመቱ መምረጥ፥ ግብሩን ራሱ መደልደል፥ የመስኖ ቦይ ማውጣት ተፈቀደለት።

ውሉን የገቡት ማኅበሮች በአምስት ክፍል ተደራጁ፤ ክፍሎቹ ኤስካርቶን ይባሉ ነበር። ቃሉ ግብርን ማከፋፈል ማለት ነው። እነርሱም ብሪያንሶን፥ ኬራ፥ ኡልክስ፥ ፕራጄላና ካስቴልዴልፊኖ ናቸው። ሴን ቬራን ከኬራ ኤስካርቶን ማኅበሮች አንዷ ነበረች። የግብሩ አከፋፈል እንዲህ ነው፤ ጠቅላላው ገንዘብ በኤስካርቶኖቹ፥ ከዚያ በየማኅበሩ፥ ከዚያም በየቤተ ሰቡ ጭስ ይመደባል። አንዱ ካልከፈለ የሌላው ሸክም ይከብዳል፤ ስለዚህ ሁሉም ሒሳቡን ለማየት ይፈልጋል። የኬራ ማኅበሮች መዝገቦቻቸውንና ውሎቻቸውን የሚያስቀምጡበት ቁም ሣጥን ብዙ ቍልፍ ያለበት ነበር፤ ቍልፎቹ በየማኅበሩ መሪ እጅ ስለሚቀመጡ ሁሉም በአንድነት ካልተገኙ ቁም ሣጥኑ አይከፈትም። አንዱ ማኅበር ለብቻው ወረቀት ሊፍቅ፥ ወይም ድንበር ሊለውጥ አይችልም ማለት ነው። የሕገ መንግሥት ትምህርት ስንማር ስለ ሥልጣን ክፍፍል ብዙ አንብበናል፤ እንደዚህ ቁም ሣጥን አድርጎ ያስረዳን ግን የለም።

አንዳንድ ጸሐፊዎች ይህንን ሥርዓት «ሪፑብሊክ» ብለውታል። እኛ ስሙ የተጋነነ ይመስለናል። በስብሰባው የሚናገረው የቤቱ አባወራ ነው፤ ሴቶች በአብዛኛው ድምፅ አልነበራቸውም። ሀብታምና ድኻ ነበረ። ነጻነቱም ከሰማይ የወረደ ስጦታ ወይም በጦርነት የተገኘ አልነበረም፤ የተገዛ ነው። ነገር ግን መገዛቱ ዋጋውን አያሳንሰውም፤ ምናልባትም ያጸናው ይህ ነው። ኡምቤር በ1349 አገሩን ለፈረንሳይ ንጉሥ ቤት ሲያስተላልፍ፥ ከዚያም በኋላ የፈረንሳይ አልጋ ወራሽ «ዶፌን» ሲባል፥ ተራራው ላይ ያሉት ሰዎች ውላቸውን እያሳዩ ከአዲሱ ጌታ ያንኑ መብት አስጸደቁ። ነገሥታቱ እየተለዋወጡ ውሉ አራት መቶ ዓመት ተኩል ያህል ቆየ።

ጠረፍ ላይ መኖር ግን ሰላም አይሰጥም። በ1692 የሳቮይ መስፍን ጦር በእነዚህ ተራሮች ዘልቆ ጊየስትርን፥ አምብሬንን፥ ጋፕን ያዘ። ሉዊ 14ኛ መሐንዲሱን ቮባንን ልኮ በ1693 ከጊል መውጫ ላይ ሞን ዶፌን የተባለውን ምሽግ አሠራ። በ1713 በዩትሬኽት ውል ነገሥታቱ ጠረፉን በውኃ መክፈያው መስመር ላይ አደረጉት። ውኃው ወደ ምሥራቅ የሚወርድበት ወገን፥ ማለት ኡልክስ፥ ፕራጄላና ካስቴልዴልፊኖ፥ ለሳቮይ ተሰጠ። ለካርታ ሠሪ ይህ በጣም የተስተካከለ መስመር ነው። ለተራራው ሰው ግን እንደዚያ አልነበረም፤ እርሱ የሚያውቀው ተራራውን መለያያ አድርጎ ሳይሆን መገናኛ አድርጎ ነው፤ በበጋ በጎቹ የሚሰማሩት፥ ነጋዴው የሚሻገረው፥ ጋብቻውም የሚደረገው በኮረብታው አናት በኩል ነበርና። 370 ዓመት ያህል ግብር አብረው የከፈሉ ጎረቤቶች የሁለት መንግሥት ዜጎች ሆኑ። በ1789 ደግሞ የፈረንሳይ አብዮት የመሳፍንቱን ልዩ መብት ሁሉ ሲሽር፥ ገበሬዎቹ በገንዘባቸው የገዙት መብትም «ልዩ መብት» ስለተባለ አብሮ ተሻረ። ነጻነትን ለሁሉ ያወጀው አብዮት የዚህን አገር አሮጌ ነጻነት መሻሩ ታሪክ አንዳንድ ጊዜ እንዴት ነገሩን እንደሚያጣምም ያሳያል።

ስለ ሃይማኖት ጥቂት እንበል። በ16ኛው መቶ ዓመት ከኬራ ሕዝብ ብዙው የፕሮቴስታንትን እምነት ተቀበለ። ሉዊ 14ኛ በ1685 የናንት ዐዋጅን በሻረ ጊዜ ጸሎት ቤቶቻቸው ፈረሱ፤ ገሚሱ ወደ ስዊስና ወደ ጀርመን ተሰደደ፥ ገሚሱ በስውር እየጸለየ ቆየ። ዛሬ በሴን ቬራን የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን አለ፤ በደጁም ከቀድሞው ሕንጻ የተረፉ ሁለት የድንጋይ አንበሶች ይታያሉ። የፕሮቴስታንት ጸሎት ቤትም አለ። ከተሰደዱት ሳይሆን ከቀሩት ጋር የሚያያዝ አንድ ሰው ሳንጠቅስ ማለፍ አንወድም፤ እርሱም በ1797 በስዊስ አገር የተወለደው ሰባኪ ፌሊክስ ኔፍ ነው። በ1820ዎቹ ወደ እነዚህ ተራሮች መጥቶ በበረዶ መካከል ከመንደር መንደር በእግሩ ይሄድ ነበር፤ ሴን ቬራንም ከሚያገለግላቸው መንደሮች አንዷ ነበረች። በጎረቤቱ በፍሬሲኒዬር ሸለቆ ዶርሚዩዝ በምትባል መንደር በክረምት የመምህራን ማሠልጠኛ ከፈተ፤ ቦይ እንዴት እንደሚጠገን፥ ድንችም እንዴት ተራርቆ እንደሚተከል አሳየ። በበረዶና በጾም ጤናው ስለተበላሸ በ1829 በ31 ዓመቱ ሞተ።

ኔፍ መምህራንን ያሠለጠነበት አገር ግን ድሮውንም ለመምህራን እንግዳ አልነበረም። የዚህ አገር ታሪክ ለእኛ ለተማሪዎች ከሁሉ የሚቀርበው በዚህ ነው። በ1877 ማጂዮሎ የተባለ የትምህርት ሹም በመላ ፈረንሳይ ከ15,000 የሚበልጡ መምህራንን አስተባብሮ በአሮጌ የጋብቻ መዝገቦች ላይ ስሙን የፈረመውንና በምልክት ብቻ ያለፈውን አስቈጠረ። ከ1686 እስከ 1690 ባለው ጊዜ በመላ አገሪቱ ስማቸውን ሊፈርሙ የቻሉት ከ100 ወንዶች 29 ያህሉ፥ ከ100 ሴቶች ደግሞ 14 ያህሉ ብቻ ነበሩ። በብሪያንሶንና በአካባቢው ተራሮች ግን በ17ኛውና በ18ኛው መቶ ዓመት ከወንዶቹ አብዛኞቹ ይጽፉ ነበር። ትልልቆቹ ከተሞችና ለሙ ሜዳ ያላገኙትን ትምህርት በበረዶ የተዘጋ ተራራ ማግኘቱ ብዙ ሰው አስደንቋል። እኛ ምክንያቱ ግልጽ ይመስለናል። መሪ የሚመርጥ፥ ግብሩን ራሱ የሚደለድል፥ ውሉን በቁም ሣጥን ቈልፎ የሚያስቀምጥ ሕዝብ ማንበብ ግድ ይሆንበታል። በዚያ ላይ ክረምቱ ረጅም ነው፤ እጅ ሥራ ሲፈታ ጊዜ ይተርፋል።

ከዚህ የተነሣ ትምህርት እንደ ሱፍና እንደ ፍርማጅ ለገበያ የሚወጣ ዕቃ ሆነ። በመጸው ወጣቶቹ ወደ ቆላው ወርደው በፕሮቫንስና በሌሎችም አገሮች ገበያ ላይ ይቆማሉ፤ ባርኔጣቸውም ላይ የላባ ብዕር ይሰካሉ። አንድ ላባ የሰካ ማንበብና መጻፍ ያስተምራል፤ ሁለት ላባ የሰካ ሒሳብ ይጨምራል፤ ሦስት ላባ የሰካ ላቲንም ያውቃል። የመንደሩ ሽማግሌዎች መጥተው ደመወዙን ተከራክረው አንዱን ለክረምቱ ይቀጥራሉ። በፀደይ መምህሩ ገንዘቡን ይዞ ወደ ተራራው ተመልሶ ማጭዱን ያነሣል። በሄደበት ጊዜ ደግሞ በቤቱ አንድ አፍ ቀነሰ ማለት ነው። እስቲ አንባቢ ይህንን ልብ ይበል፤ በዚያ ዘመን ትምህርት ወጣቱን ከመንደሩ የሚያወጣው ለስድስት ወር ብቻ ነበር። ይመለስ ነበርና መንደሩ በትምህርቱ ይከብር ነበር።

በ19ኛው መቶ ዓመት ግን ነገሩ ተለወጠ። የጊል ገደል ተጠርቦ መንገድ ወጣ፤ በ1884 ባቡር ብሪያንሶን ደረሰ። መንገዱ የተሠራው ለተራራው ጥቅም ነው ተብሎ ነበር፤ አዎን፥ ሐኪምና ጨው በቶሎ ደረሱ። ግን በዚያው መንገድ የሜዳው ስንዴ በርካሽ መጣ። አንድ ዓመት ተጠብቆ፥ በተዳፋት ላይ በጀርባ ተሸክሞ የሚሰበሰበው ሴግል ከዚህ ስንዴ ጋር ሊወዳደር አልቻለም። በፋብሪካ የተሠራ ጨርቅና ዕቃ ሲገባም የክረምቱ የእጅ ሥራ ዋጋ አጣ። መንግሥት በየስፍራው ትምህርት ቤት ስለከፈተ የባለ ላባው መምህር ገበያ ቀረ። የቀድሞው ጊዜያዊ ጕዞ የማይመለሱበት ሆነ። ሰዎች ወደ ማርሴይ፥ ወደ ሊዮን ወረዱ፤ ጎረቤት ከሆነችው ከኤጊይ ብዙዎች እስከ ደቡብ አሜሪካ ሄደው ከበለጸጉ በኋላ በትውልድ መንደራቸው ትልልቅ ቤት ሠሩ፤ ቤቱ ተሠራ እንጂ ልጆቹ አልተመለሱም። በ19ኛው መቶ ዓመት የመጀመሪያ አጋማሽ የሴን ቬራን ሕዝብ ከዛሬው ከሦስት እጥፍ በላይ ነበር።

ያሁኖቹ ሊቃውንት «ተራራውን ድህነት አራቈተው» ይላሉ። እኛ ግን በዚህ ሙሉ በሙሉ አንስማማም። ድህነት በ1343ም ነበረ፤ እንዲያውም የባሰ ነበረ። የተለወጠው ሌላ ነው። አስቀድሞ መንደሩ የራሱን ነገር በራሱ ይቈርጥ ስለ ነበር ሰው በመቅረቱ የሚያተርፈው ክብርና ድምፅ ነበረው። ሥልጣኑ ወደ ፓሪስ፥ ገበያው ወደ ማርሴይ ከሄደ በኋላ በተራራው ላይ የቀረው ብርዱ ብቻ ሆነ።

የ20ኛው መቶ ዓመት መከራም አልቀረላቸውም። በሰኔ 1940 የሙሶሊኒ መንግሥት በፈረንሳይ ላይ ጦርነት ባወጀ ጊዜ የአልፕ ጠረፍ የጦር ሜዳ ሆነ። ያ መንግሥት በ1935 አገራችንን የወረረውና በዚያን ጊዜ ገና ከምድራችን ያልለቀቀው መንግሥት ነው፤ ስለዚህ ያችን ሰኔ ስናነብ የሩቅ አገር ወሬ አልመሰለንም። በጦርነቱ መጨረሻም ከኬራ መንደሮች የፈረሱ አሉ። በሰኔ 1957 ደግሞ ከባድ ዝናብና የሚቀልጥ በረዶ ተባብረው ጊል ሞላ፤ ድልድዮችና መንገዶች ተወሰዱ፤ ኬራ እንደ ጥንቱ በሩ ተዘጋ። ሴን ቬራን ከፍ ብላ ስለተሠራች ጎርፉ አልደረሰባትም፤ የቀደሙት አባቶች ሥፍራውን ሲመርጡ ያሰቡት ፀሐይን ብቻ እንዳልነበረ ከዚህ ይታያል።

ዛሬ የመንደሯ ገቢ በአብዛኛው ከእንግዳ ነው። በክረምት በረዶ ላይ ለመንሸራተት፥ በበጋ ተራራ ለመውጣት ሰው ይመጣል። የኬራ ተራሮችና ሸለቆዎች በ1977 የተፈጥሮ መናፈሻ ክልል ሆኑ። በሥራ ብዛት መኪና እንዳይጨናነቅ እንግዶች መኪናቸውን ከመንደሩ መግቢያ ትተው በእግር ይገባሉ። በግድግዳዎቹ ላይ ሃያ ያህል የፀሐይ ሰዓቶች ተሥለዋል፤ ከነዚህ ብዙዎቹን በ19ኛው መቶ ዓመት ከኢጣልያ ወገን ተሻግሮ የመጣው ዛርቡላ የተባለ ተጓዥ ሠዓሊ ወፎችና አበቦች እየጨመረ ሣላቸው። ከመንደሩ በላይ በ2,930 ሜትር ላይ ደግሞ የፓሪስ የከዋክብት መመልከቻ ድርጅት በ1974 መመልከቻ ቤት አሠርቷል፤ ያ ለእህል ያልተመቸ ደረቅና ጥርት ያለ አየር ለከዋክብት መርማሪ ተመቸ። የአገሩ ሰው ጥንት «የእኛ አውራ ዶሮዎች ከዋክብትን ይለቅማሉ» እያለ ይቀልድ ነበር። በጎረቤት በአርቪዬ በ1920ዎቹ የተቋቋመ የእንጨት መጫወቻ ሥራ ማኅበርም ለወጣቶች በክረምት በአገራቸው እንዲቈዩ ሥራ ሰጥቷል፤ እንዲህ ያለው ከሆቴል ይልቅ ደስ ያሰኘናል።

እንግዳው ገንዘብ ማምጣቱ አይካድም፤ ጣራዎቹ ተጠግነዋል፥ አንዳንድ ወጣቶችም ቀርተዋል። ነገር ግን ከቤቶቹ ብዙዎቹ የከተማ ሰዎች ለዕረፍት የሚመጡባቸው ስለሆኑ የእንግዳው ወራት ሲያልፍ መስኮታቸው ይዘጋል። ሰገነቶቹ ላይ ነዶ አይሰቀልም፤ አበባ ይደረደራል። በአልፕ ሁሉ በረዶው ከዓመት ወደ ዓመት እየቀነሰ ስለመጣም በበረዶ የሚተዳደር መንደር ነገ በምን እንደሚተዳደር ከወዲሁ መጨነቁ አልቀረም። የቈየውን የሚጠብቁ ጥቂት ከብት አርቢዎች ግን አሁንም አሉ፤ ድርቆሹን ያጭዳሉ፥ በበጋ መንጋውን ወደ ላይ ያወጣሉ።

በየዓመቱ በሐምሌ፥ መዳቡ ይቈፈርበት በነበረው በክሎዚስ፥ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ባለች አንዲት የእመቤታችን ጸሎት ቤት ክብረ በዓል ይደረጋል። የሴን ቬራን ሰዎች ከታች ከሸለቆው ይወጣሉ። በ1713 ከተለዩአቸው ከካስቴልዴልፊኖ ወገን ያሉት ኢጣልያውያን ደግሞ ጠረፉን በእግራቸው ተሻግረው ከላይ ይወርዳሉ። ቅዳሴው አብረው ይሰማል፤ ከዚያ በኋላ በሣሩ ላይ ተቀምጠው ምሳቸውን አብረው ይበላሉ።